ትቷት ዘመተ፣ ከዚያ ጻፈላት፦ ከአዳማ የተነሳ ሙግት

የአዳማ አንባቢዎች ቴሌግራም ላይ የሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጭር ያለ ነው። መጽሐፍ የፈለገ ይጠይቃል፣ ያለው ይመልሳል፣ በቃ። ሰሞኑን ግን አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጽሑፍ ከነመልሶቹ፣ ተከፈተና ቤቱ ተናወጠ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የጻፉት ለእርስ በርሳቸው ነው። በመልሶቻቸው ተራ ቁጥር እየጠራሁ ማን ምን እንዳለ ላውጋችሁ። መሃል መሃል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

ክሩን የከፈተችው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። መድረኩ ላይ ሁሉም ቲቸር ነው የሚላት። ፈረንሳይኛ ታነባለች። ያነሳችው የአንትዋን ደ ሴንት-ኤክዙፔሪን ደብዳቤዎች ነው። ሰውየውን በስሙ የማያውቀው እንኳ «ትንሹ ልዑል»ን ያውቃል። አብራሪም ደራሲም ነበር። ሚስቱ ኮንሱዌሎ ሱንሲን የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 ቦነስ አይረስ ላይ ተዋወቁ፣ በ1931 ተጋቡ። ኮንሱዌሎ አስም ነበረባት። በ1943 እሱ ኒው ዮርክ ትቷት ሰሜን አፍሪካ ወዳለው ጦር ሄደ። ከዚያ ሆኖ ጻፈላት፣ እሷም ጻፈችለት። ከ1930 እስከ 1944 የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በ2021 ፈረንሳይ ውስጥ ባንድ ጥራዝ ታትመዋል።

የቲቸር ክስ አጭር ነው። ሰውየው ዕድሜው አርባን አልፏል፤ ማንም ዝመት አላለውም። የሚፈልገውን አውሮፕላን ለማብረር የዕድሜ ጣሪያው 35 ነበር። እሱ ግን ደጅ ጠንቶ፣ ሰው አስለምኖ ነው የተፈቀደለት። አብሯት በኖረበት ዘመን ሌሎች ሴቶችም ነበሩት፤ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። ትንፋሽ የሚያጥራትን ሚስቱን ትቶ ከሄደ በኋላ ከሩቅ ሆኖ በሚያምር ቋንቋ አለቀሰላት። ታዲያ ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ሽሽት? ለቲቸር ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው። ከባዱ ሌሊት ተነስቶ የታማሚን ጀርባ መደገፍ ነው።

1ኛውና 2ኛው መልስ ምስጋና ናቸው። ትሁት፣ አጭር፣ አበባ የተለጠፈበት።

3ኛው ላይ ጉዳዩ ጀመረ። ጸሐፊው ታሪክ የሚወድ ልጅ ነው፤ በአክብሮት ቲቸርን ማረም ፈለገ። ፈረንሳይ በ1940 ተወርራ እንደነበር አስታወሰ። ሰውየው ያኔም የቅኝት አብራሪ ሆኖ አገልግሏል፤ በሜይ 1940 በአራስ ከተማ ላይ የበረረው በረራ የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ገባ፤ እሷ ደቡብ ፈረንሳይ ቀርታ በ1942 መጀመሪያ ተቀላቀለችው። ስለዚህ አገሩ በጠላት ተይዛ እሱ አሜሪካ ቁጭ ብሎ መጻፍ አልሆነለትም። ልጁ እንደሚለው ይህን ሽሽት ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

4ኛዋ ሌላ በር ከፈተች። «ትንሹ ልዑል» ውስጥ ያለችው አበባ ለምንድን ነው የምትስለው ብላ ጠየቀች። 5ኛው ጥያቄውን ተቀብሎ ሄደበት፤ ከረጃጅሞቹ መልሶች አንዱ ነው። አበባዋ ታስላለች፣ ነፋስ አትወድም፣ መከለያ አድርግልኝ ትላለች። በልዑሉ ፕላኔት ላይ ሦስት እሳተ ገሞራዎች አሉ፤ ኮንሱዌሎም የእሳተ ገሞራ አገር ልጅ ናት። ልዑሉ ነገሯ ሰልችቶት ትቷት ይሄዳል። ኋላ ላይ ግን ሊያፈቅራት እንዳልቻለበት፣ ገና ልጅ እንደነበር ይናገራል። መጽሐፉ በ1942 ተጽፎ በኤፕሪል 1943 ኒው ዮርክ ላይ ወጣ። እንደ 5ኛው አባባል ይህ መጽሐፍ ራሱ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ደብዳቤ ነው።

ቲቸር 6ኛ ላይ ተመለሰች። ያለችው ነገር እኔን ያዘኝ። መጽሐፉ የወጣው በኤፕሪል፣ ሰውየው በመርከብ የሄደውም በዚያው በኤፕሪል ነው። አበባዋን ትቶ መሄድ ስህተት እንደነበር ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ ሄደ። ደግሞም መጽሐፉን ያበረከተው ለወዳጁ ለሊዮን ዌርት ነው፤ ለሷ አይደለም። ይሄኛውን ለመመለስ ማንም ቶሎ አልደፈረም።

7ኛዋ ፋርማሲስት ናት። ስለ ፍቅሩ አላነሳችም፤ ስለ አስሙ ነው የጻፈችው። በኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ የሷ ነው። ዛሬ አስም ሲባል ሁላችንም ፓፍ ነው የሚታየን፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ሁለቴ ተጭነህ የምትድን። ኮንሱዌሎ በዚያ ዕድሜዋ እሷን አታውቃትም። እየለካ የሚረጨው የአፍ ፓፍ ገበያ ላይ የወጣው በ1956 ነው። የለመድነው ሳልቡታሞል ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣ መድኃኒት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አድሬናሊን መርፌና የኤፌድሪን ኪኒን ነው። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚህ ሌላ ከአስተናግር ቅጠል የተሠራ የአስም ሲጋራ ይሸጥ ነበር። እዚህ አገር በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ አጤ ፋሪስም የሚባለው ራሱ። ስለዚህ ሰውየው ትቷት የሄደው ፓፍ ይዛ የምትኖርን ሴት አይደለም። ሲነሳባት መስኮት ከፍታ ቁጭ ብላ የምታነጋ ሴት ናት። ፋርማሲስቷ ይህን ብቻ ጽፋ ፍርዱን ለአንባቢ ተወችው።

አስተናግር የሚለውን ስም ማንሳቷ ግን ዋጋ አስከፈላት። 8ኛው ወዲያው ቅጠሉ እኛ ግቢ አለ፣ ደርቆ ነው ወይስ እርጥቡን ነው ብሎ መጣ። 9ኛ ላይ በትላልቅ ነጥቦች መለሰችለት። መርዝ ነው፣ ያሳብዳል፣ ይገድላል፣ ያኔ ስላጨሱት ዛሬ አይጨስም። 10ኛው ደግሞ ቅጠሉን ተዉትና ቦኩ ሄዳችሁ እንፋሎት ታጠኑ አለ። አጎቱን ያዳነው ቦኩ ነው። ሶደሬም አይከፋም። ፋርማሲስቷ ትዕግስቷ አለቀ። ቦኩ ለወገብም ለጉልበትም ይሁንላችሁ፣ ሳንባው ሲያፍን ግን ሆስፒታል ሂዱ የሚል ቆፍጠን ያለ መልስ ሰጠች።

ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ሳተ። 11ኛው የአዳማን አቧራ አነሳ። አዳማ ሆኖ አቧራ ያላነሳ ማን አለ? የከተማው ነፋስ የባሰበት ተራራው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ከተተከሉ ወዲህ ነው ብሎ ድርቅ አለ። 12ኛው ኢንጂነር ነኝ የሚል ልጅ ነው። የመጀመሪያው ፕሮጀክት 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጩ ቆጠረና፣ ክንፎቹን የሚያዞራቸው ነፋሱ እንጂ እነሱ ነፋስ እንደማያመጡ አስረዳ። ማራገቢያ አይደሉም ማለቱ ነው። የሳቅ ምልክት ዘነበ። አድሚኑ ገብቶ ወደ ኮንሱዌሎ እንመለስ ባይል ኖሮ እዚያው ይነጋ ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሱን 13ኛው ናቸው። ጋሼ የምንላቸው፣ በደርግ ጊዜ ሰሜን የዘመቱ ሰው። ስለ ደብዳቤ እሳቸው ያውቃሉ። ግንባር ላይ ደብዳቤ ሲመጣ ገና ፖስታውን ሳይቀዱ የመጀመሪያውን መስመር በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጋሼ እናት ይህን አስጽፈው ሲልኩ አልጋ ላይ ነበሩ። ልጃቸው መታመማቸውን የሰማው ለእረፍት ሲመጣ ነው። እሱም በተራው የት እንዳለ፣ ምን እንዳየ አንድም ቀን አልጻፈም። ሁለቱም ደህና ነበሩ፣ በወረቀት። ጋሼ እዚህ ጋ ፈረንሳዊውን ወቀሱት። ጭንቀቱን፣ ድካሙን፣ የደብዳቤ መዘግየት ምሬቱን ሁሉ ታማሚ ሴት ላይ ያወርደዋል። የኛ ሰው ቢሆን ይደብቅላት ነበር። መደበቅም መውደድ ነው፤ ቁም ነገራቸው ይሄ ነው።

በዚህ ላይ የራሴን ልበል። ጋሼ እውነት አላቸው። መርዶ በደብዳቤ አይላክም፤ ሰው ተመርጦ፣ ሰዓቱ ታይቶ ነው የሚነገረው። እኛ ስንጽፍ ደህና ነኝ የምንለው ዜና ለመንገር አይደለም፣ የሚያነበው ሰው እንዳይደነግጥ ነው። ግን 14ኛዋ ወጣት የመለሰችላቸውም አይጣልም። በጣም በትህትና፣ አንቱ እያለች ነው የጻፈችው። እናትዎ ታመው እርስዎ ሳያውቁ የቀሩበት ያ ጊዜ አይቆጭዎትም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ኮንሱዌሎ ቢያንስ የማንን ሸክም እንደተሸከመች ታውቃለች። ጋሼ 15ኛ ላይ አንድ መስመር ብቻ መለሱ። ይቆጫቸዋል።

16ኛው ከመንገድ ላይ የጻፈ ሰው ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር፣ ቤቱ ፍራንኮ ሰፈር። ሚስቱ አስም አለባት። ቲቸር የጻፈችውን ሚሌ ላይ ቆሞ እንዳነበበውና ደሙ እንደፈላ ሳይደብቅ ተናገረ። ከአዋሽ ቮይስ ይልክላታል፤ ከሚሌ ይልክላታል፤ ጋላፊ ላይ ኔትወርክ ካለ ደግሞ ይልካል። ፓፉ አለቀ ወይስ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ያሳልሻል ወይ፣ አቧራውን ውሃ ረጭተሽ ጥረጊው። ጀርባዋን ሌሊት የምትደግፈው እህቷ ናት፤ እሱ አይደለም። ይህ ሰው ታዲያ አያፈቅርም ማለት ነው? የሄደ ሁሉ የሸሸ አይደለም። እንጀራ ነው። ቆጣ ብሎ ጀመረው፣ ለስለስ ብሎ ጨረሰው። ፊደሉ የተጣደፈ ነው፤ ግማሹ ቃል ተበልቷል። መድረኩ ላይ እንደሱ የተወደደለት መልስ የለም።

ቲቸር 17ኛ ላይ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ደግ አደረገች። ልዩነቱን ነው ያሳየችው። ሹፌሩ የሚሄደው ቤቱ እንዲበላ ነው። ሴንት-ኤክዙፔሪ ግን በ1943 ለመብረር ሲል ለመነ። በበፊቶቹ አደጋዎች፣ በተለይ በ1938 ጓቲማላ ላይ በደረሰበት፣ ሰውነቱ ስለተጎዳ የበረራ ልብሱን እንኳ ያለ ሰው እርዳታ መልበስ አይችልም ነበር። በዚያ ላይ በኦገስት መጀመሪያ አውሮፕላኑን ሲያሳርፍ አበላሸና ለወራት ከበረራ ታገደ። ታግዶም እንደገና ለመነ። ቲቸር እንደምትለው ይህ ሰው ወደ አንድ ነገር እየሄደ ሳይሆን ከአንድ ነገር እየወጣ ነው።

18ኛው ነገሩን አበላሸው። የቲቸርን ትዳር አነሳ። ወንድ ሁሉ ጠላትሽ ነው የሚል ዓይነት ነገር፤ ከዚያም የባሰ። አድሚኑ ግማሹን አጥፍቶታል። 19ኛዋ ግን ከመጥፋቱ በፊት ደርሳበት ነበር። ስለ ኮንሱዌሎ ትታ መድረኩ ላይ ያሉትን ወንዶች አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ከናንተ ውስጥ ሚስቱ ወይም እናቱ የምትወስደውን መድኃኒት ስምና ስንት ሰዓት እንደምትወስደው የሚያውቅ ማነው? ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ 20ኛ ላይ መጥቶ ሁለቱንም ስም ከነሰዓታቸው ጻፈ። አንደኛው በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ፣ ሌላኛው ሲነሳ ብቻ የሚሳብ። ፋርማሲስቷ ልክ ነው የሚል ምልክት አስቀመጠችበት። የ18ኛው ሰውዬ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ከ21 እስከ 23 ያሉትን ልዝለላቸው። አንዱ የሰሞኑን ጦርነት አምጥቶ ወደ ፖለቲካ ሊጎትተው ነበር፤ ተሰረዘ። አንዱ መጽሐፉ በፒዲኤፍ አለ ወይ አለ። እንዲህ የሚል ሰው የማይገኝበት ክር የለም።

24ኛው ከሀዋሳ የገባ እንግዳ ነው። የሌላ ደራሲ ሚስት አመጣልን፣ አይሊን ብሌርን። ባሏ ጆርጅ ኦርዌል በ1945 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የጦር ዘጋቢ ነበር። አይሊን ታማለች፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። በማርች የጻፈችለት ረጅም ደብዳቤ አለ። ስለ ሕመሟ የምታወራው እንደ ቤት ወጪ ነው። ዋጋው ብዙ ነው ትላለች፤ እሷ ያን ያህል ገንዘብ ሊወጣባት የሚገባ እንዳልሆነች ትጽፋለች። ማርች 29 ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቷ በፊት ሌላ ደብዳቤ ጀመረችለት። መርፌ ተወግታለች፣ ታጥባ ተዘጋጅታለች። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከአልጋዋ የአትክልት ቦታው ይታያል፣ ምድጃው ይታያል፣ ሰዓቱ ይታያል። እዚያ ላይ ተቋረጠ። ከማደንዘዣው አልነቃችም። 39 ዓመቷ ነበር።

25ኛው ቸኩሎ ኦርዌል ያኔ ወታደር ነበር አለ። 26ኛዋ አረመችው፦ ወታደር የነበረው ስፔን ላይ ነው፤ በ1937 አንገቱ ላይ የተመታውም እዚያው ነው። በ1945 ዘጋቢ ነው፤ ሳንባውም የራሱ ችግር ነበረበት፤ በ1950 የገደለውም የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከዚያ ወደ ጋሼ ተመለሰች። አይሊን የጻፈችው ጋሼ እናታቸው ያስጻፉትን ነው። ደህና ነኝ። እንግሊዝም ሴቷ ታማ ደህና ነኝ ትላለች።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ክሩ ሲጀመር ጥያቄው ጤነኛው ለታማሚዋ ምን ያህል አዘነላት የሚል ነበር። በነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ግን አጽናኟ ታማሚዋ ናት። የጋሼ እናት ልጃቸውን አጽናኑ። አይሊን ባሏ በወጪው እንዳይጨነቅ አሰበችለት። ኮንሱዌሎም፣ ቲቸር እየተረጎመች ካሳየችን፣ እያፈናት ለሱ እንቅልፍ ትጨነቃለች። ክሱም መከላከያውም ስለ ወንዱ ብቻ ሆኖ መቆየቱ ለኔ ትክክል አልመሰለኝም። ይህንን መድረኩ ላይ አልጻፍኩም፤ 27ኛው ቀደመኝ።

27ኛው ያለው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ትንሽ ጨመረበት። ኮንሱዌሎ ለባሏ የእሁድ ደብዳቤዎች ትጽፍ ነበር። እሱ ከጠፋ በኋላም አላቆመችም፤ መልስ እንደማይመጣ እያወቀች ጻፈች። ሠዓሊም ነበረች፤ ቅርጻ ቅርጽም ትሠራለች። የሕይወት ታሪኳን ጽፋ ሳጥን ውስጥ ትታው በ1979 ሞተች። የታተመው በ2000 ነው። 28ኛው የሱ ቤተሰቦችና የሷ ወራሾች ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲካሰሱ እንደኖሩ፣ ደብዳቤዎቹም እስኪታረቁ ድረስ እንደዘገዩ አከለ። ውርስ እንዲህ ነው፤ እኛ ሰፈርም ያው ነው።

ቲቸር 29ኛ ላይ ጸሎቱን አመጣችው። ይህን እንደ ቀላል ማለፍ አልችልም። ሰውየው በጦርነቱ ጊዜ ለኮንሱዌሎ በየማታው የምትደግመው ጸሎት ጽፎላታል። ጸሎቱ በሷ አፍ ነው የተጻፈው፤ እግዚአብሔርን የምታናግረው እሷ ናት። ጌታ ሆይ፣ ብዙ አትድከም፣ እንዲሁ እንዳለሁ አድርገኝ ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ባሏን እንዲጠብቅላት ትለምናለች። ሁልጊዜም እሱ ቀድሞ እንዲሞት ትለምናለች። ለምን? ጠንካራ ይመስላል እንጂ ቤት ውስጥ የሷን ኮሽታ ካልሰማ በጣም ይጨንቀዋል። ስለዚህ ሁሌ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዳሰማ አድርገኝ፣ አንዳንዴ ዕቃ መስበር ቢኖርብኝም እንኳ ትላለች።

እዚህ ላይ ክሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። 30ኛዋ አለቀሰች፤ ምልክቱን በረድፍ ደረደረችው። 31ኛው ዲያቆን ነው። ጸሎት ለሰው መጻፍ ነውር አይደለም፣ ባል ይሙት ተብሎ ሲለመን ግን ሰምቶ አያውቅም፤ በድፍረት ነው ያየው። 32ኛዋ ከሁሉም የከረረችው ናት። ሰውየው ሚስቱን ትቶ መሄዱ አልበቃ ብሎት አፏንም ወሰደባት፤ ለእግዚአብሔር የምትናገረውን እንኳ እሱ ጻፈላት። ያም ሆኖ ጸሎቱ ውስጥ የሚጨነቀው ማነው? እሱ። 33ኛው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም። የሚያፈቅር ሰው ቀልድ አይቀልድም ወይ አለ። ዕቃ ስበሪ፣ ጩኺ፣ ብቻ ኑሪልኝ ያለ ባል የት ይገኛል? እሱ የሚያውቃቸው ባሎች ለተሰበረ ብርጭቆ ቡና ሳይጠጡ የሚያድሩ ናቸው።

ፋርማሲስቷ 34ኛ ላይ በሁለት መስመር ገባች። አስም ያለባት ሴት ቤት ውስጥ የምታሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁም ብላ ነው። ሌሊት ከጎንህ ያለው ሰው ደረት ሲያፏጭ ትነቃለህ፤ ፉጨቱ ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ የባሰ ትነቃለህ። ሰውየው የጻፈው ከስንት ዓመት ማዳመጥ በኋላ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ጸሎት እንደ ድፍረት ማየት አቃተኝ። 32ኛዋ ግን አልተመለሰችም፤ ማዳመጥ ከቻለ ለምን አልቀረም ብላ ቆመች። እውነት ለመናገር ለዚህ መልስ የለኝም።

35ኛው አምባሩን አመጣ። ጁላይ 31 ቀን 1944 ሴንት-ኤክዙፔሪ ከኮርሲካ ተነስቶ ብቻውን ለቅኝት በረረ፣ አልተመለሰም። ለብዙ ዘመን የት እንደወደቀ አልታወቀም። በ1998 ማርሴይ አጠገብ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጎትት የብር አምባር ወጣለት። አምባሩ ላይ የሱ ስም ነበር፣ ከስሙ ጋር ደግሞ ኮንሱዌሎ የሚል ተቀርጿል። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ በ2000 እዚያው አካባቢ ታየ፤ በ2004 የሱ መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ 35ኛው አሸነፍኩ ብሎ ነው የመጣው። ሰው ሞቶም የሚስቱን ስም ይዞ ባሕር ውስጥ 54 ዓመት ከቆየ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ቲቸር 36ኛ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣለችው። አምባሩ ላይ የኒው ዮርክ አሳታሚዎቹ ስምና አድራሻም ተቀርጿል። አሳታሚዎቹንም ያፈቅራቸው ነበር? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። 35ኛው ራሱ ሳቀ። ቲቸር ግን ከሳቁ ጋር አልቆመችም። ኮንሱዌሎን የምትወዳት ስለምትታገል ነው። ለባሏ ስትል የማንም አበባ መሆን አልፈለገችም። ባሏም ይህን ያውቅ ነበር፤ ለዚያም ነው ሲጽፍላት የሚለማመጣት። በሱ ላይ የፈረደችው ፍርድ ግን አልተለወጠም። በደብዳቤ ያለው ሰውና በቤት ያለው ሰው ሁለት ናቸው፤ ሚስቲቱ የኖረችው ከሁለተኛው ጋር ነው።

37ኛው ጋሼ ናቸው። ነገሩን የሚያበርድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉም። ደብዳቤዎቹን ሰው ማንበቡ ራሱ ደስ አላሰኛቸውም። ያ ጸሎት ለአንዲት ሴት የተጻፈ እንጂ አዳማ ላይ ለክርክር የተጻፈ አይደለም። ከግንባር የላኳቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ከትዳር በኋላ አቃጥለዋቸዋል። 38ኛዋ፣ ያቺ ወጣት፣ ባለቤትዎ ፈቅደው ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ አልመለሱላትም። 39ኛዋ ልጃቸው ነኝ ብላ ገብታ ሁሉም እንዳልተቃጠለ፣ የተወሰነው እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ አጋለጠች። ጋሼ ከመድረኩ ወጥተው ማታ ተመለሱ። ምንም እንዳልተባለ ሆነው የቼዝ መጽሐፍ የሚያውሳቸው ሰው ፈለጉ።

የቀረው የመጽሐፉ ጉዳይ ነው። ቲቸር ጋ ያለው የሷ አይደለም፣ ይመለሳል። 40ኛው ሹፌሩ ነው። በሳምንቱ ጅቡቲ እንደሚገባ፣ እዚያ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ እንደሚያውቅ፣ ርዕሱን በፈረንጅ ፊደል ከጻፋችሁለት እንደሚጠይቅ ቃል ገባ። አያነበውም፤ ቲቸር እየተረጎመች በቮይስ ትልካለች፣ እሱ እየነዳ ይሰማል፣ ሚስቱም ቤት ትሰማለች። ቲቸር ተስማማች፤ ከሱ ደብዳቤዎች ግን አልጀምርም፣ ከሷ ነው የምጀምረው አለች። 41ኛው መጽሐፉን ስታመጣ ሽቶም አትርሳ አለ። 42ኛዋ ፓፍ እዚያ ይረክስ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሁለት ሦስት ቢያመጣላት። ፋርማሲስቷ 43ኛ ላይ መጣች። መድኃኒት በመንገደኛ አይላክም፣ ደግሞ የሚሌን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ፓፍ ጋቢና ውስጥ መስታወት ሥር ከተቀመጠ ግፊት አለበትና ሊፈነዳ ይችላል። ሹፌሩም የሚስቱን መለዋወጫ እዚያ የሚያስቀምጥ ከሆነ ዛሬውኑ ያንሳው።